መቶ አሥር ደቂቃ አለኝ ያለው ባትሪ

እንጅባራ ውስጥ ሠርግ መቅረጽ ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላኝ። በነዚህ ዓመታት የዋሸኝን ሁሉ ብቆጥር፣ «ሁለት ሰዓት ላይ ተገኝ» ብለው አምስት ሰዓት ላይ ፊታቸውን የሚታጠቡ ሚዜዎችን ጨምሬ፣ የካሜራ ባትሪን የሚስተካከል ውሸታም አላገኘሁም። ሰው ሲዋሽ ቢያንስ ዓይኑ ይቅበዘበዛል። ባትሪ ግን ፊት ለፊት እያየህ ውሸቱን በደቂቃ ከፋፍሎ ያቀርብልሃል።

የማወራው ስለ ኦርጅናሉ አይደለም። ኦርጅናሉ ከካሜራው ጋር ከአንድ ካርቶን የወጣ ጨዋ ነበር። ሠላሳ ደቂቃ ቀረኝ ካለ ሠላሳ ደቂቃ ይቀረዋል፤ ሊያልቅ ሲል ደግሞ አስቀድሞ ብልጭ ድርግም እያለ ይሰናበታል። ጥፋቱ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። በአንድ ባትሪ የእኛን አገር ሠርግ እቀርጻለሁ ማለት በአንድ ድስት ወጥ ቀበሌ አበላለሁ እንደ ማለት ነው። ሌላ ኦርጅናል ደግሞ በእኛ በኩል ቢፈለግ አይገኝም፤ አለኝ የሚል ባለሱቅ ከተገኘም ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ወንበር ይሰጥሃል።

ስለዚህ ወደ ዳንግላ ወረድኩ። ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ስለሆነች አታታልለኝም ብዬ ነው። ባለሱቁ ከመስታወቱ ስር አንድ ጥቁር ባትሪ አውጥቶ «ይሄ ከኦርጅናሉ ይሻላል» አለኝ። ላዩ ላይ የተጻፈው ስም ከታወቀው ስም በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል፤ የአቅሙ ቁጥር ግን የኦርጅናሉ እጥፍ ነው። መጠኑ እኩል፣ ክብደቱ እንዲያውም ቀለል ያለ። ያን ሁሉ ጉልበት የት እንደ ከተቱት አልጠየቅኩም።

«ዋስትና አለው?» አልኩት።

«አለው እንጂ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ በሩ» አለና ሳቀ።

እኔም አብሬው ሳቅኩና ሦስት ገዛሁ። ሰውየው ቀልድ አለመቀለዱ የገባኝ ቆይቼ ነው።

የመጀመሪያው በሁለት ወሩ አበጠ። ሆዱ ተገፍቶ ቻርጀሩ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ፤ በማንኪያ እጀታ ፈልቅቄ ሳወጣው ባለቤቴ «ይሄ ነገር ሳይወልድ ከቤቴ ይውጣልኝ» አለች። ሁለተኛው ብርድ አይወድም። እንጅባራ ተቀምጦ ብርድ የማይወድ ባትሪ! ጠዋት ጠዋት ከሹራቤ ስር ብብቴ ውስጥ ወትፌው እሄዳለሁ፤ ሙሽራ ሲወጣ እጄን በአንገቴ በኩል ልኬ ስፈልገው የሚያዩኝ ሰዎች ቁንጫ የያዘኝ ይመስላቸዋል። ሦስተኛው ግን ጤነኛ ነበር። አያብጥም፣ አይበርደውም፣ ካሜራው ላይ ስሰካው «መቶ አሥር ደቂቃ» ብሎ ይጽፍልኛል። ያን ቁጥር ከሰማይ እንደ ወረደ አምኜው ኖርኩ።

አንድ ጊዜ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔ የጸሎት ቤት ልጅ ነኝ፤ እሁድ እሁድ መዘምራኑንና ስብከቱን በነጻ እቀርጻለሁ። አንድ እሁድ ያ ጤነኛ ባትሪ ሰማንያ ደቂቃ አለኝ እያለ በስብከቱ መሃል ድርግም አለ። የስብከቱ ግማሽ ሳይቀረጽ ቀረ። ማንም አልጠየቀም፤ እንዲያውም ቪዲዮውን ያዩ አንድ ሽማግሌ «የዛሬ ሳምንቱ ስብከት ልክ ነበር፣ አልረዘመም» ብለው አመሰገኑኝ። ከዚህ ትምህርት መውሰድ ይገባኝ ነበር። እኔ የወሰድኩት ምስጋናውን ብቻ ነው።

ባለፈው ጥር፣ ሠርጓ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንዲት ሙሽራ ብቻዋን ወደ ሱቄ መጣች። ሙሽሮች ብቻቸውን አይመጡም። ከነእኅታቸው ከነጓደኛቸው መጥተው በስልካቸው የሌላ ሰው ሠርግ እያሳዩ «እንዲህ ዓይነት ጭስ አለህ?» ነው የሚሉኝ። ይቺ ጭስ አልጠየቀችም። ግምጃ ቤት ከተማ አካባቢ አስተማሪ ናት፤ አባቷ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ወንበሩን ሳብኩላት፣ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ሌላው ቢቀር ይቅር» አለችኝ። «ጭፈራውም ኬኩም ይቅር። እኔም ከቪዲዮው ብቀር ግድ የለኝም። የአባቴ ድምፅ ብቻ እንዳይቀርብኝ።»

የአባቷ ጉሮሮ ታሟል። ባሕር ዳር ያዩዋቸው ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ግድ ነው ብለዋል፤ ነፍሳቸው ትተርፋለች፣ የድምፃቸው ነገር ግን እንጃ። ቀጠሮው ከሠርጉ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አባቷ ደግሞ በአገሩ ሁሉ በምርቃታቸው የታወቁ ሰው ናቸው። ሠርግ ሲሆን፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ ቤት ሲመረቅ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ አፋቸው ላይ የተቀመጠ ነገር አለ ይባላል። የሰውን ልጅ ሁሉ መርቀው ድረዋል። አሁን የቀረችው የራሳቸው የመጨረሻ ልጅ ናት።

«ለምን በስልክሽ አልቀረጽሽም?» አልኳት።

«ስልክ ካየ ዝም ይላል። ‹ከብረት ጋር አላወራም› ነው የሚለኝ። ያንተን ካሜራ ግን ሠርግ ያለ ካሜራ እንደማይሆን ስለሚያውቅ እሺ ብሎኛል። ዘመድ ሁሉ ስልኩን እንዳያወጣ እኔ አስጠነቅቃለሁ። ያንተ ብቻ ይበቃናል።»

«አይዞሽ» አልኳት አፌን ሞልቼ። «ባትሪዬ መቶ አሥር ደቂቃ ይሠራል።» ስለ ባትሪ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ዘንገና በጉም ተሸፍኖ ጠበቀኝ። ከቤት የወጣሁት በቁርጥ ውሳኔ ነው፤ ኦርጅናሉ ለምርቃቱ ይቀመጣል፣ ለሌላው ሁሉ ፎርጅዶቹ ይበቃሉ። ውሳኔዬ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ጸና። ሦስት ሰዓት ላይ የሙሽራው ወገን በፈረስ መጣ።

መጀመሪያ ከጉሙ ውስጥ ቃጭል ተሰማ። ከዚያ አንገታቸውን የሰበሩ፣ ግንባራቸው ላይ ቀይ ፈትል ያሸበረቀ ፈረሶች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ ከጥሊሊ ድረስ የመጡ ጋላቢዎች አሉ፣ አንዱ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ቆመው ይጋልባሉ። ይህን እያየ ካሜራውን የሚያጠፋ ቀራጭ ካለ እጁን ያውጣ። ብርድ የማይወደው ባትሪ በሁለተኛው ፈረስ ላይ ሞተ። እጄ በራሱ ፈቃድ ይመስል ኪሴ ገብቶ ኦርጅናሉን አወጣ። «አንድ ደቂቃ ብቻ» አልኩ ለራሴ። ከፊት ቀረጽኳቸው፣ ከጎን ቀረጽኳቸው፣ መሬት ተኝቼ ቀረጽኳቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ለሙሽሪት ብዬ አልነበረም፤ ለራሴ ማስታወቂያ ነው። ዛሬም ኮምፒውተሬ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ የፈረስ ቪዲዮ አለ፤ ግማሹ የፈረስ ቂጥ ነው።

ኦርጅናሉ በጨዋ ደንቡ ብልጭ ድርግም ብሎ ተሰናበተኝ። መንደሩ መብራት አለው፤ የዚያን ዕለት ግን መብራት አልነበረም። ግድ የለም አልኩ፣ ጤነኛው አለ። ሰካሁት። መቶ አሥር ደቂቃ።

ሰባት ሰዓት ገደማ ሙሽሮቹ ሊሄዱ ሲሉ ዳሱ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። አባትዬው መሃል ላይ በወንበር ተቀመጡ፣ እናትዬዋ ከጎናቸው። ሙሽሮቹ ጉልበት ስመው እግራቸው ስር ተንበረከኩ። እኔ ካሜራዬን በሦስት እግሩ ላይ ተክዬ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ቀደም ብዬ «አባባ፣ ይቺን ቀይ መብራት ይመልከቱ፤ እሷ ከበራች እየቀረጽን ነው» ብያቸው ስለነበር እንደ ታዘዘ ሕፃን መብራቷን ያዩ ነበር። ሙሽሪት ቀና ብላ አየችኝ። አውራ ጣቴን አሳየኋት።

ጀመሩ። ያ ድምፅ ከዚያ ከሲታ ሰውዬ እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም። ታሟል የተባለው ጉሮሮ ትንሽ ሻከር ከማለት በቀር ዳሱን ሞላው። ለሙሽራው ወገን ሲሉ በአማርኛ ጀመሩ፤ ውለዱ ክበዱ፣ ቤታችሁ እንግዳ አይጣ፣ ከብታችሁ በረት ይጥበበው። ሕዝቡ በየመሃሉ «አሜን!» ይላል። አምስት ደቂቃ ያህል እንዲህ ከሄዱ በኋላ እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ጫኑና ወደ አፍ መፍቻቸው፣ ወደ አዊኛ ዞሩ። ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ፊት አዘነበለ። ያን ጊዜ ነው ለልጃቸው መናገር የጀመሩት። ካሜራዬ «መቶ ሁለት ደቂቃ» ብሎ ጻፈና ጠፋ።

ደብዝዞ፣ አስጠንቅቆ አይደለም። ድርግም! በሁለት ጣቴ ጫን አደረግኩት፣ አልበራም። አውልቄ መልሼ ሰካሁት፣ መቶ አሥር ብሎ በርቶ ወዲያው ጠፋ። እንዲያውም ስምንት ደቂቃ ጨምሮልኛል። ቤት ውስጥ የተቀመጠው ቦርሳዬ ውስጥ ያ ብርድ የማይወደው ባትሪ አለ፤ ጥቂት ቢሞቅ አምስት ደቂቃ አያጣም ብዬ አሰብኩ። አጠገቤ የሙሽሪት አጎት ቆመዋል፣ ጠንካራና ለሥራ የሚቸኩሉ ሰው።

«ባትሪ» አልኳቸው በሹክሹክታ። «እባክዎ ከቤት ባትሪ ያምጡልኝ።»

«ባትሪ?»

«ባትሪ! ቶሎ!»

አጎትዬው ሰውን እየገፈተሩ ወጡ፤ እየገፈተሩ ተመለሱ። በእጃቸው የያዙት ክንድ የሚያህል፣ ድንጋይ የሚጎርስ የእጅ ባትሪ ነው። ወዲያው አበሩትና የወንድማቸው ፊት ላይ ደገኑት።

በእኛ አገር ባትሪ ማለት ጨለማ ሲሆን መንገድ የሚያበራው ነው፤ ከውስጡ የሚገባው ድንጋይ ይባላል። ይህን ማንም አልነገረኝም አልልም፤ የአገሩ ልጅ ነኝ፣ እኔም ልጅ ሆኜ ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቻለሁ። ድንጋይ አምጡልኝ ብዬ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከበር ላይ ድንጋይ አንስተው ይመጡ ነበር፤ የሚገባኝም እሱ ነው። አጎትዬው በቀን፣ በሰባት ሰዓት ፀሐይ፣ ባትሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ዘብ ቆሙ። የካሜራ ሥራ ላይ መርዳታቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል። አባትዬው ዓይናቸውን አንድ ሁለቴ አርገበገቡና ቀጠሉ።

ያኔ አንድ ነገር ማለት እችል ነበር፤ «አባባ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።» ሦስት ቃል ነው። ግን ዳሱ ሙሉ ሰው፣ የሽማግሌ ምርቃት መሃል፣ ልጅቷ ተንበርክካ እያለቀሰች፣ «ቆይ አቁሙልኝ፣ ባትሪዬ ፎርጅድ ነው» የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ስልኬን አወጣለሁ ብል ሰውየው ዝም ይላሉ። ይሉኝታዬ አንቆ ያዘኝ። ስለዚህ የጠፋ ካሜራ መቅረጽ ጀመርኩ። ዓይኔን ጥቁሩ መስታወት ላይ ደቅኜ ሌንሱን እያዞርኩ አቀረብኩ፣ አራቅኩ። ካሜራውን በቀስታ ከአባት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ሙሽሪት ወሰድኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ቀርጬ አላውቅም።

የእኔ አዊኛ የገበያ አዊኛ ነው፤ ሰላምታና የድንች ዋጋ። ስለዚህ ምን እንዳሉ አልገባኝም። የገባኝ ዳሱ የሆነውን ነው። እናትዬዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ፤ ወጥ የሚያወጡት ሴቶች ጭልፋቸውን እንደ ያዙ መጥተው ቆሙ፤ የፈረሱ ሽማግሌ እንኳ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሙሽሪት ግንባሯን የአባቷ ጉልበት ላይ አድርጋ አልተነሣችም። ሲጨርሱ ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሙሽሪት ስታልፍ አጠገቤ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ፣ ገባ?»

«ገባ» አልኳት።

ቀጥሎ የነበሩት አራት ቀናት ውሸት የማማርጥባቸው ነበሩ። ሚሞሪ ካርዱ ተቃጠለ ልበል? ቫይረስ በላው ልበል? ቫይረስ ሁሉን ነገር ይበላል፣ ማንም አይከራከርም። ድምፁ ብቻ አልገባም ብልስ? እያንዳንዱን ባለቤቴ ላይ እሞክራለሁ። እሷ የጸሎት ቤቱን ሰዎች ልብስ እየሰፋች፣ ቀና ሳትል ታዳምጠኛለች። በአራተኛው ቀን መርፌዋን አቁማ «ባትሪው እንኳ ዋሽቶ ዋሽቶ አልችልም ሲል ጠፋ» አለችኝ። «አንተ መቼ ነው የምትጠፋው?»

በማግስቱ መልስ ነው፤ ሙሽሮቹ ወደ ሙሽሪት ቤተሰብ የሚመለሱበት ግብዣ፣ እኔም እንድቀርጽ ተጠርቻለሁ። ኦርጅናሉን ሙሉ ሞላሁት። ከዚያ ለዓመታት ሰላም የማንባባለው ሌላ ቀራጭ ሱቅ ገብቼ የሱን ኦርጅናል ለመንኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀም። «ሳታስረግዝ መልስልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ወሬው ከተማ ውስጥ እንደዚያ ነው የሚሄደው።

ባጃጁ ዋናው መንገድ ላይ ጣለኝና በእግር ገባሁ። በመንገዱ ሁሉ «አባባ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ይድገሙልኝ» የምትለዋን እያጠናሁ ነበር። አንዴ መድገም ነው፣ ምን አለበት? ድምፃቸው አለ፣ ቀጠሮው ገና ነው። ግቢው ስደርስ ይህች ተስፋ ልቤን ቀለል አድርጋው ነበር።

አባትዬው ጓሮ ፀሐይ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልሰማሁም።

«ድምፁ ሄደ እኮ» አሉኝ እናትዬዋ ውሃ ይዘው እየመጡ። «የምርቃቱ ለት ነው። ያለውን ሁሉ አውጥቶ፣ ማታውኑ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ግድ የለም፣ ለልጁ ጨረሰው። ደግሞ አንተ ይዘኸዋል።»

አጠገባቸው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። እናትዬዋ ወደ ማጀት እስኪገቡ ጠበቅኩና ጆሮዬን ወደ አባትዬው አፍ አስጠግቼ፣ ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ፣ «አባባ፣ ካሜራው ጠፍቶ ነበር» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። ድምፅ አይባልም፤ ትንፋሽ ነው። «ቀይዋ ስትጠፋ አየኋት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«መች ዝም አልኩ፤ መረቅኩ እንጂ።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«እኔም አፈርኩልህ።»

አፈርኩብህ ቢሉኝ እችለው ነበር፤ ብዙ ሰው አፍሮብኛል፣ ለምጄዋለሁ። አፈርኩልህ ነው ያሉት። ያን ሁሉ ሰው ፊት እኔ እንዳልዋረድ፣ ከጉሮሯቸው የቀረውን ድምፅ ሁሉ ለጠፋ ካሜራ ሰጡት። እኔ እየቀረጽኩ አስመሰልኩ፣ እሳቸው እየተቀረጹ አስመሰሉ፣ ወንድማቸው በቀን ባትሪ አበሩልን። ከሦስታችን አንድ ባለጌ ቢኖር ኖሮ ያ ድምፅ ዛሬ ይኖር ነበር። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሙሽሪት ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ስዞር አየኋት።

«ገባ ብለኸኛል» አለችኝ። ጋሼ ቀረ። «ስልክ እንዳይወጣ የከለከልኩት እኔ ነኝ። የአክስቴን ልጅ ስልክ ከእጁ ቀምቻለሁ። አንተን አምኜ።»

ሌላም ልትል አፏን ስትከፍት አባቷ እጃቸውን አነሡ፤ ዋጠችው። ከዚያ በአገጫቸው ቦርሳዬን አሳዩኝ፤ አውጣው ማለታቸው ነው።

ኦርጅናሉን ሰካሁ። መቶ ሃያ ደቂቃ አለኝ አለ፤ ይህን ጊዜ እውነቱን ነበር። ማይኩን ጋቢያቸው ላይ፣ ከአገጫቸው ስር አያያዝኩት። ልጃቸው መጥታ ተንበረከከች፣ ባሏም አጠገቧ፤ እናትዬዋና አጎትዬው ከጎን ቆሙ። አጎትዬው ባትሪውን ላምጣ ወይ የሚሉ ይመስል አየት አደረጉኝ፤ አያስፈልግም ብዬ ራሴን ወዘወዝኩ።

እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ጀመሩ። እኔ በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ። ካሜራው ላይ ድምፅ የሚለካው መስመር አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል፤ ፀጉር የሚያህል ከፍ ዝቅ ይላል፣ እሱም ትንፋሻቸው ይሁን ነፋስ አይለይም። ልጅቷ ግን ከንፈራቸውን እያየች ትሰማ ነበር፤ የት ላይ እንደሚያርፉ ታውቃለች። ባረፉ ቁጥር «አሜን!» ትላለች፣ ቤተሰቡም ይከተላል፤ ያኔ መስመሩ ዘሎ ቀይ ይነካል። እንዲህ ሆኖ ሩብ ሰዓት ያህል ሄደ።

ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩና በከንፈራቸው «ገባ?» አሉኝ።

«ትንሽ ነው የገባው፣ አባባ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ውሃ ጠየቁ።

ቀዶ ጥገናው በቀጠሮው ቀን ሆነ። አባትዬው ድነዋል፤ ዛሬም ገበያ ሲወጡ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ይስቁብኛል። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ሠርግ ላይ ሌላ ሰው ነው የሚመርቀው።

እኔም ዳንግላ የገዛኋቸውን ሁለቱን ባትሪዎች ባበጠው ላይ ጨምሬ ከሱቅ አስወጣኋቸው። ኦርጅናል ሁለት እስኪኖረኝ ድረስ ብዙ ሠርግ አልፎኛል፤ ያለፈኝን ማን ይቀርጸዋል ብዬ አልተጨነቅኩም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሙሽሪት ወደ ሱቄ መጣች፤ የሠርጉን ቪዲዮ ልትወስድ። ፈረሶቹን አሳየኋት፣ አለፍ በለው አለችኝ። በአማርኛ የገባችውን አምስት ደቂቃ አየች፤ አባቷ በሙሉ ድምፃቸው «ቤታችሁ እንግዳ አይጣ» ሲሉ ፈገግ አለች፣ ጥቁሩ ላይ ሲደርስ ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። ከዚያ የመልሱን ለቀቅኩላት። ሁለታችንም ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አልን። ምንም አይሰማም፤ ድንገት «አሜን!» ስፒከሩን ይሰነጥቀዋል፣ ሁለታችንም እንደነግጣለን፤ እንደገና ምንም የለም።

መታገሥ አልቻልኩም። ድምፅ የሚያጠራ ፕሮግራም እንዳለ ነገርኳት፣ አዲስ አበባ የማውቀው ባለሙያ እንዳለ፣ የነፋሱን ድምፅ አውጥቶ ትንፋሹን ማጉላት እንደሚቻል፣ ካልሆነም ከሥሩ ጽሑፍ እንደማስገባበት። አወራሁ፣ አወራሁ። እሷ ዓይኗን ከአባቷ ከንፈር ላይ አልነቀለችም።

«ድምፁን ከፍ አድርገው» አለችኝ።

«መጨረሻው ነው፤ ከዚህ በላይ አይሄድም።»

«እንግዲያው አንተ ዝም በል።»

ተነሥቼ የሱቁን በር ዘጋሁና ዝም አልኩ።